መመለስ የነበረበት ብልቃጥ

ኅዳር 9

ለመቃዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና» የሚለውን ቃል ትንሽ ለጠጥ አድርገን ከተረጎምነው ማለቴ ነው።

ስልክ የማላነሣው አኩርፌሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። አንቺን አኩርፌ የት እደርሳለሁ? ነገሩ ሌላ ነው። በስልክ ስናወራ መሃል ላይ ክሩ ይበጠስብኛል። ያልሽውን ይዤ ሳሰላስል አንቺ ሌላ ወሬ ውስጥ ገብተሻል፤ እኔም እንደገባው ሰው «እህ፣ እህ» እላለሁ። ወረቀት ግን ታጋሽ ነው፤ ሦስቴ ባነበው ሦስቴም ያንኑ ይነግረኛል። ስለዚህ ከእንግዲህ ጻፊልኝ። የእጅ ጽሕፈትሽ ስምንተኛ ክፍል ሳስተምርሽ እንደነበረው ከሆነ ግን በታይፕ ይሁን።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። የጎረቤቴን ልጅ ሒሳብ ሳስጠናት ሰባት ጊዜ ስምንት ጠፋኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሴት፣ እርሳሴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጅቷ «ሃምሳ ስድስት ነው እኮ» አለችኝ፤ እንዳላፍር ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ያ ዝቅ ማድረጓ ነው የገደለኝ።

እግሬም አብሮ አምፆብኛል። ልራመድ ስል መሬቱ ጫማዬን በማስቲሽ የያዘው ይመስል አልላቀቅ ይለኛል። ልጄ «ዕድሜ ነው እማዬ» ይላል። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ እሱን ግን እንኳን በደብዳቤ ለሐኪሙም አልተናገርኩም፣ እዚሁ ይቅር።

የነርቭ ሐኪሙ ከጀርባዬ ውሃ አስቀድተው ወደ እናንተ ላቦራቶሪ ሊልኩ ነው። «እዚያ ተማሪዬ አለች!» ብዬ ክፍሉን በጩኸት አናጋሁት። እስቲ አስረጂኝ፤ ጭንቅላቴ የረሳውን የወገቤ ውሃ በምን ያውቀዋል? መርፌ እንደምፈራ ደግሞ ታውቂያለሽ። በክትባት ቀን ተማሪዎቿ ፊት ራሷን ስታ የወደቀች መምህርት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መምህርሽ


ኅዳር 17

ለተከበሩ መምህሬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልሴ የዘገየው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ስለቀደድኩት ነው፤ ሆሄ እንዳልሳሳት ፈርቼ። የሒሳብ መምህርት ሆነው ሆሄያችንን የሚያርሙ እርስዎ ብቻ ነበሩ።

ጥያቄዎን ልመልስ። አንጎልና አከርካሪ የሚኖሩት በአንድ ውሃ ውስጥ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ ሲያዩት ከቧንቧ የተቀዳ ይመስላል። አንጎል የሚያስወግደው ሁሉ ግን በእሱ በኩል ያልፋል። እኛ የምንፈልገው አንድ ተለጣፊ ፕሮቲን ነው፤ እዚህ ቤት «አርባ ሁለት» እያልን ነው የምንጠራው። ብዙዎችን የሚይዘው የመርሳት በሽታ ሲመጣ አርባ ሁለት አንጎል ላይ እየተለጠፈ ይቀራል፣ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያንሳል። እዚህ ማነሱ እዚያ መከማቸቱን ይነግረናል። መጠኑ ኢምንት ነው፤ መዋኛ ገንዳ ውስጥ አንድ ቁንጥር ጨው ጥሎ «ፈልጊው» እንደማለት ነው።

ክፉ ጠባዩ መለጠፉ ነው። ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል፤ የብልቃጡ ግድግዳ ሳይቀር። ስለዚህ የእኛ ብልቃጦች የተለዩ ናቸው፤ ክዳናቸው ሰማያዊ፣ ፕላስቲካቸው እሱ የማይወደው ዓይነት። ውሃው ከጀርባ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ እስከ ላይኛው መስመር ይሞላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አይገለበጥም። እኔ የምሠራው መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ያላሟላ ሲመጣ «ተመላሽ» የሚል ማኅተም እመታበታለሁ፤ ሐኪም ቤቱም እንደገና ይቀዳል። በዚህ ምክንያት ከማይወዱኝ ሐኪም ቤቶች ብዛት የተነሣ ስልክ ሳነሣ ስሜን አልናገርም።

ውጤቱን ግን እኔ አልነግርዎትም፤ የሚነግሩዎት ሐኪምዎ ናቸው። እርስዎም የፈተና ውጤት ስንለምንዎት «ከሰርተፊኬቱ አንብቡት» ነበር የሚሉን።

አይዞዎት። መርፌው ቀጭን ነው።

መቃ


ታኅሣሥ 5

ለመቃዬ፣

አለፈ። «እንዴት ነበር?» ላልሽው፣ ያ ቀጭን ያልሽው መርፌ የት እንደሄደ እንጃ፤ እኔን የወጋኝ ወፍራሙ ነው። የሚቀዳው ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው። በጎኔ ተኝቼ፣ ጉልበቴን እስከ አገጬ ሰብስቤ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። አንዴ ወጋኝ፣ «አጥንት ነው» አለ። ሁለቴ ወጋኝ፣ «ይቅርታ እማማ» አለ። በሦስተኛው «አንተ ልጅ፣ ጂኦሜትሪ ማን ነው ያስተማረህ?» አልኩት። ነርሷ ሳቀች፤ የዚያን ጊዜ ቀናው። ለብዙ ምርመራ ነው ብለው ብዙ ቀዱ።

ስለ ብልቃጡ እንዳልሽኝ ጠይቄያለሁ። ሰማያዊው አልቋል፣ ይሄም ያው ነው ብለው ባለ ነጭ ክዳኑ ውስጥ አደረጉት። ጀርባዬ ተራቁቶ ክርክር አይመቸኝም፣ ተውኩት።

አሁን የሚገርምሽን ልንገርሽ። በማግስቱ የልጄን ቤት ደረጃ መደገፊያውን ሳልይዝ ወጣሁት! ልጄ ከኋላዬ ሆኖ «እማዬ፣ ማን አባረረሽ?» አለኝ። ከምሳ በኋላ የማባዣ ሠንጠረዡን እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ያለ ስህተት በቃሌ ወጣሁት። እንዲህ ሆኜ ሁለት ቀን ሰነበትኩ፤ በሦስተኛው ቀን ማስቲሹ ተመለሰ። ፍርሃት ነው የፈወሰኝ አልኩ፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ መድኃኒቱም አለቀ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደገና እንውጋሽ እንዳይሉኝ። ሦስቱ ቀዳዳ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ከዚህስ ብረሳ ይሻለኛል።

መምህርሽ


ታኅሣሥ 13

ለተከበሩ መምህሬ፣

ብልቃጡ ደርሷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው በአጭሩ የምጽፈው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳግም መወጋት አያስፈልግዎትም። ለጀርባዎ ነርሷን ያማክሩ፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ ይረፉ። ስለ ነጩ ክዳን አያስቡ።

መቃ


ጥር 14

ለመቃዬ፣

«ሐኪሙ ምን አሉ?» ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኛል። የዘገየሁት ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፤ ቃሉን በገዛ እጄ መጻፍ ከብዶኝ ነው። በሽታው አለብኝ። አርባ ሁለት አንሷል፣ በጣም አንሷል አሉኝ። ወረቀቱንም አሳዩኝ፤ ከመስመሩ በታች የኔ ቁጥር ብቻዋን ተቀምጣለች። እኔ ስንቱን ተማሪ ከመስመር በታች አስቀምጫለሁ!

ልጄ መኪናው ውስጥ አለቀሰ። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ሰው ነው፣ ሁሉን ነገር በማስመሪያ የሚለካ፤ መሪውን አቅፎ ሲንሰቀሰቅ ሳየው «ና ቦታ እንቀያየር፣ እኔ ልንዳ» አልኩት። በሕይወቴ መኪና ነድቼ እንደማላውቅ ያውቃል፣ ከዕንባው ጋር ሳቁ መጣ።

ቤት ገብቼ አሰብኩ። ስንት ጊዜ እንዳለኝ ሐኪሙም አያውቁም። እንግዲህ ጊዜው ሲያጥር ምን አድርጉ እላችሁ ነበር? ከባዱን ጥያቄ አስቀድሙ።

ከባዱ ጥያቄ እህቴ ናት። ስለሷ አልነግርሽም ነበር፤ ለማንም አልናገርም። እናታችን ስታርፍ አልላከችብኝም። ቀብሩ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ነው የደረስኩት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «እህቴ» የሚል ቃል ካፌ አልወጣም። አሁን ግን የተጣላሁበትን ሳልረሳው ልታረቅ ብዬ ተነሣሁ። ቂሜን ረስቼ ብታረቅማ ምኑን ታረቅሁት?

በሩን ራሷ ከፈተች። ፀጉሯ አንድ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። «ማን ልበል?» አለችኝ፤ አውቃኝ እኮ ነው።

«የመርሳት በሽታ የያዘኝ እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

እዚያው በር ላይ ተያያዝን። ስንስቅ ይሁን ስናለቅስ ጎረቤት ብትጠይቂ አይለይልሽም።

በኋላ ተቀምጠን ነገረችኝ። «እማዬ ናት አትላኪባት ያለችኝ። የተማሪዎቿ የፈተና ሳምንት ነው፣ ልጆቹን በትና ትመጣለች አለች። ማይልኝ አለችኝ፣ ማልኩላት።»

«ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ልክ ናት። ፈረድኩባት እንጂ አልጠየቅኋትም። ይኸውልሽ፣ በሽታዬ አንድ በጎ ሥራ ሠራ።

መምህርሽ


የካቲት 4

ለመቃዬ፣

«አይቸኩሉ» ትይኛለሽ። የፈተናው ደውል የሚደወለው ላንቺ አይደለማ!

ቤቴን ለቅቄ ልጄ ዘንድ ገብቻለሁ። ቤቱን አራስ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ተከራይተውታል፤ ደስ የሚሉ ናቸው። መጻሕፍቴን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ፣ አሥራ አንድ ካርቶን ሆነ። ልጄ መስኮት ያለው ክፍል ሰጥቶኛል፤ ምንጣፉን አንሥቶልኛል፣ እንዳያደናቅፈኝ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ሲተክል ሁለት ቀን ለካ። እኔ ደግሞ አሁን የሱ ልጅ ሆኛለሁ፣ ያልተበላ ምግብ ይቆጣጠረኛል።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። ባለቤቴ መንገድ ቀያሽ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ከዓመቱ ዘጠኙን ወር በረሃ ነበር። ይጽፍልኝ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ፣ በብስኩት ቆርቆሮ። ወደማይመለሱበት ከሄደ ወዲህ ለማንም አላሳየሁም፤ ለልጄም።

አቃጠልኳቸው።

አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» ብዬ የምጠይቅበት ቀን ይመጣል አልኩ። ወይ ደግሞ ልጄ አፍሮ እየዘለለ ያነብልኛል። እያወቅሁት ይሂድ ብዬ፣ እያንዳንዱን አንብቤ ነው እሳቱ ውስጥ የጨመርኩት፤ ቤቱን ከማስረከቤ በፊት፣ በጓሮ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እህቴ በርጩማ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አልከለከለችኝም፣ አላገዘችኝም። የመጨረሻው የተጻፈው በእርሳስ ነው፤ «ቀለሜ አልቋል፣ ናፍቆቴ ግን አለ» ይላል። ሞኝ ነበር።

ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም። አንድ ሰው ይወቀው ብዬ ነው።

መምህርሽ


የካቲት 27

ለተከበሩ መምህሬ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ቢቻል እህትዎ አጠገብዎ ይሁኑ።

በቅርቡ አዲስ ማሽን ገባልን። የድሮው አርባ ሁለትን ብቻ ነበር የሚለካልን፣ እሱንም በጅምላ። አዲሱ ግን አንድ በአንድ ነው የሚቆጥረው፤ እያንዳንዷን ቅንጣት በየራሷ ትንሽ ጉድጓድ አስቀምጦ ብርሃኗን ያያል። የድሮው «ምንም የለም» የሚለውን ይሄ «ሦስት አለ» ይላል። አዲስ ማሽን ሲመጣ ደንቡ በማቀዝቀዣ የቆዩ ትርፍ ናሙናዎችን አውጥቶ ከድሮው ውጤት ጋር ማስተያየት ነው። የምንሠራው በኮድ ስለሆነ ስም አናይም። አርባ ናሙና ለካሁ። ሠላሳ ሰባቱ ተስማሙ፣ ሦስቱ አልተስማሙም።

አዲሱ ማሽን የአርባ ሁለትን ወንድም፣ «አርባ» የምንለውንም ይቆጥራል። በታመመ ሰው አርባ ሁለት ይወርዳል፤ ወንድሙ ግን ባለበት ይቆያል። በሦስቱ ናሙናዎች ሁለቱም አብረው ነው የወረዱት። ይህን በሽታ አያደርገውም፤ ብልቃጥ ነው የሚያደርገው። ፕሮቲኑ የተለጠፈው አንጎል ላይ ሳይሆን ፕላስቲክ ላይ ነው። በሽታው ሲኖር ከፍ የሚል ሌላም ፕሮቲን አለ፤ ከሦስቱ በሁለቱ እሱ ጭራሽ አልተነቃነቀም።

ኮዶቹን መዝገብ ላይ ስፈልጋቸው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የእርስዎ ሆነ። ነጭ ክዳን፣ እስከ ግማሽ የተሞላ። የተቀባይ ፊርማ የእኔ።

መምህሬ፣ ያን ቀን ማኅተሙን አንሥቼ ነበር። ደብዳቤዎ በኪሴ ነበር፤ «እንደገና እንውጋሽ እንዳይሉኝ» ያሉበት። ሦስቱን ቀዳዳ አሰብኩ። ትንሽ ቢለጠፍ ምን ይጎዳል ብዬ ማኅተሙን መልሼ አስቀመጥኩት። ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ ነው። የሌሎቹም የሁለቱ ፊርማ የእኔ ነው። አንደኛዋ ከሩቅ አገር ነው የመጡት ተብዬ፣ ሌላው በጣም አዛውንት ናቸው ተብዬ። ለአለቃዬ በማግስቱ ተናገርኩ። ለእርስዎ ግን ሁለት ሳምንት ፈራሁ። ስለ ባለቤትዎ ደብዳቤዎች ካነበብኩ በኋላ እጄ ብዕር አልይዝ አለኝ።

ይህ ማለት ጤነኛ ነዎት ማለት አይደለም። ሰባት ጊዜ ስምንት ጠፍቶብዎታል፤ የእግርዎም መያዝ የምር ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለአለቃዬ ሁሉንም ስናዘዝ፣ ውሃው ከተቀዳ በኋላ ሁለት ቀን ያለ መደገፊያ ደረጃ እንደወጡ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ውሃው ሲቀነስላቸው እግራቸው ተፈታ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሐኪማቸው ይሄን ያውቃሉ?»

እንጃ አልኳቸው። አንጎል ውስጥ ውሃ ሲበዛ የሚመጣ ሕመም አለ አሉኝ፤ ሦስት ምልክት አለው። መርሳት፣ የእግር መያዝ፣ ሦስተኛው ሽንት አለመቋጠር። ይሄኛው ሊታከም ይችላል። ለሐኪምዎ ደውለውላቸዋል። መምህሬ፣ ያ ለማንም አልተናገርኩም ያሉት ነገር እሱ ከሆነ፣ እባክዎን ይናገሩ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። አንሶ ይታየኛል።

መቃ


መጋቢት 7

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ እንዳልሽኝ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

አዝነሽልኝ ነው። ገብቶኛል። እኔ በሠላሳ አራት ዓመት አዝኜለት ግማሽ ነጥብ የጨመርኩለት ተማሪ የለም፤ «ልበ ደንጋይ» እያላችሁ በር ላይ ትጽፉብኝ ነበር፣ አላየሁም መሰላችሁ? ያልጨመርኩላችሁ ስለጠላኋችሁ አልነበረም። ያልሆነ ቁጥር ይዞ የወጣ ልጅ በዚያ ቁጥር ላይ ቤት ይሠራል። እኔ ባንቺ ቁጥር ላይ ቤቴን አፈረስኩ።

ለሐኪሙ እነግራቸዋለሁ፣ ያንን ነገር። አንቺ ግን ለጊዜው አትጻፊልኝ።


ሚያዝያ 2

ለተከበሩ መምህሬ፣

እንዳልጽፍልዎ አዘውኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ትእዛዝዎን እጥሳለሁ፤ ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግሁም።

ትናንት ሁለተኛው ናሙናዎ ደረሰ። ክዳኑ ሰማያዊ ነው፣ እስከ መስመሩ ሞልቷል። ወረቀቱ ላይ ግን ነርሷ ሐቁን ጽፋለች፤ መጀመሪያ በሌላ ዕቃ ተቀድቶ ነው ወደ እኛ ብልቃጥ የተገለበጠው። ያ ዕቃ ምን እንደነበር አይታወቅም።

አሁን መቀበያው ላይ ብቻዬን አልፈርምም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አብራኝ ትፈርማለች፤ ቅጣቴ ነው፣ ይገባኛል። ያለፈውን መዝገብ በሙሉ እያገላበጥን ነው። ለሁለቱ ሌሎች ታማሚዎችም ተነግሯቸው እንደገና ተመርምረዋል። ሴትየዋ በሽታው ነበረባቸው። አዛውንቱ አልነበረባቸውም።

ባልደረባዬ ብልቃጡን አይታ ፊቴን አየች። የማን እንደሆነ ታውቃለች። «ምን እናድርግ?» አለችኝ።

«ተመላሽ» መታሁበት።

እንደገና ሊወጉ ነው ማለት ነው። ይህ ለእርስዎ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ቤት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ጠዋት ሃያ ባለ ሰማያዊ ክዳን ብልቃጥ ወደ ሐኪም ቤቱ ልኬያለሁ፤ እያንዳንዱ ላይ «በቀጥታ እዚህ ውስጥ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። በእጅ ጽሕፈቴ ነው፣ ግን ይነበባል።

መቃ


ሚያዝያ 21

ለመቃ፣

«ተመላሽ» የተባልኩ ዕለት ልጄ ሐኪም ቤቱን ካላፈረስኩ ብሎ ነበር፤ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ማፍረሱንም ያውቅበታል። እህቴም «ይህቺ ተማሪሽ ደመኛሽ ናት እንዴ?» አለችኝ። እኔ ግን ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና «ተውዋት፣ አሁን ገና ሥራዋን ሠራች» አልኳቸው።

ተወጋሁ። ያው ልጅ ሐኪም ነው፤ በአንድ ጊዜ አገኘው። «ተለማመድኩ እማማ» አለኝ። «በማን ጀርባ?» አልኩት። በዚህኛው ሆን ብለው ብዙ ቀዱ። ከመቅዳታቸው በፊትና በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሰዓት ይዘው አስኬዱኝ። አሥር ሜትር፣ መጀመሪያ በሠላሳ አንድ ሰኮንድ፣ በኋላ በአሥራ ሰባት። እንደ ሯጭ ተጨበጨበልኝ።

ያንን ነገርም ተናገርኩ። ልጄን «ውጣ» አልኩት። ዋናው ሐኪም «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ። «ከመስከረም።» «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» «እርስዎ ሴት ቢሆኑ እነግርዎ ነበር» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ነርሷ መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ «እማማ፣ እዚህ ከሚመጣው ግማሹ ይሄው ነው» አለችኝ። ስምንት ወር የተሸከምኩት ነውር የሁሉም ነው ለካ።

ውጤቱን የነገሩኝ ሐኪሙ ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም፣ እንደ ደንቡ። አርባ ሁለትም ወንድሙም በየቦታቸው አሉ። ያ በሽታ የለብኝም። ውሃ ነው የበዛብኝ። ጭንቅላቴን በስተው ቀጭን ቱቦ ያስገቡና በቆዳዬ ሥር አሳልፈው ወደ ሆዴ ያወርዱታል። መርፌ የምትፈራው ሴትዮ ተመልከቻት! ሁሉም ላይ አይሠራም አሉኝ። እግር ቶሎ ይመለሳል፣ ትውስታ ይዘገያል፣ ሙሉ በሙሉም ላይመለስ ይችላል።

ልጄ በደስታ ይዘላል። እኔም ደስ ብሎኛል መሰለኝ። አንዳንድ ጠዋት ግን ስነቃ እጄ ቆርቆሮውን ይፈልጋል።

መምህርሽ


ሐምሌ 6

ለመቃዬ፣

አዎ፣ ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ሰባት ሳምንት ሆነው። ራሴን በግራ በኩል ላጩኝ፤ እህቴ «የቀረውንም ላጪው፣ ግማሽ ሥራ አያምርም» ትላለች። አሥሩን ሜትር አሁን በአሥራ አንድ ሰኮንድ እሄደዋለሁ። ሦስተኛው ነገርም ተወኝ፤ እሱን ደግሞ ያለ ሐፍረት ነው የምጽፍልሽ። ራሴን ግን አልዋሽም። ቁጥሮቹ ተመልሰዋል፣ ስሞች ይጠፉብኛል። ትናንት የነርሷን ስም አጥቼ «አንቺ እጄን የያዝሽኝ» ብዬ ጠራኋት። ሐኪሙ ታገሺ ይሉኛል።

ወደ ቤቴ አልተመለስኩም። አራሱ ልጅ እዚያ መዳህ ጀምሯል፤ እንዴት ውጡ እላቸዋለሁ? ከእህቴ ጋር ነው የምኖረው። በሬዲዮ ድምፅ እንጣላለን፣ በመስኮት መክፈትና መዝጋት እንጣላለን፤ ያለፈውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሁን እየተጣላን ነው የምናካክሰው። በሳምንት ሁለት ቀን ልጆች አስጠናለሁ። ልጄ እሑድ እሑድ ይመጣና ግድግዳውን ይለካል።

«ይቅር ብለውኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቀጥ ያለ ጥያቄ ቀጥ ያለ መልስ ይገባዋል። ገና ነኝ።

ሞክሬያለሁ። ያ የተሳሳተ ወረቀት ባይመጣ የእህቴን በር አላንኳኳም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። ውሸትሽን ባትናዘዢ ደግሞ እስካሁን ወንበር ላይ ተቀምጬ እስክረሳ እጠብቅ ነበር፣ ይህንንም አውቃለሁ። እህቴን በአንድ በኩል፣ ደብዳቤዎቹን በሌላ በኩል አድርጌ እኩል ይሆኑ እንደሆነ ብዬ አየሁ። አይሆኑም። ኪሎን ከሜትር ጋር አትደምሩ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ከእህቴ ጋር ስስቅ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ጽሕፈት ዓይኔ ላይ ይመጣል፣ አንድ መስመር ይዤ ቀጣዩ ይጠፋኛል፣ ያኔ እንደ አዲስ እናደድብሻለሁ። አንቺም ይሄን ችለሽ መኖር ይኖርብሻል። እኔም አንቺን ችዬ።

ብቻ እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት አያልቅም። ፊት ለፊት ተቀምጬ ልቆጣሽ እፈልጋለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንቺም ሳታቋርጪኝ። ከዚያ ምሳ እንበላለን። እህቴ ሁለት ጊዜ «ምን ትወዳለች?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ስትጠላሽ የነበረችው ሴትዮ እኮ ናት።

ቅዳሜ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ነይ። መናኸሪያው ድረስ በእግሬ መጥቼ እቀበልሻለሁ። እህቴ «አብሬሽ ልሂድ» ብላኝ ነበር፣ እምቢ ብያታለሁ። ቀድመሽ ከደረስሽ ከወረድሽበት እንዳትነቃነቂ። ቀስ ብዬ ነው የምራመደው፣ ግን እደርሳለሁ።

መምህርሽ